የሙላት ሻንጣ

«የሻንጣውን ቁልፍ አምጪ እንጂ፤ አልቃሿ ቆማ እየጠበቀችሽ ነው» አሉ አያ እንዳላማው።

የብርጓል ከጓዳው በር ላይ እንደተደገፈች አልተንቀሳቀሰችም። ቁልፉ ከማተቧ ጋር ታስሮ አንገቷ ሥር ነበር። «የት እንዳደረግሁት ጠፋኝ፤ እፈልገዋለሁ» አለች። አጎቷ አላመኗትም። ከራስ እስከ እግሯ አይተዋት ወደ ድንኳኑ ተመለሱ።

ቀኑ የታላቅ ወንድሟ የሙላት ሠልስት ነው። በእነሱ አገር በሠልስቱ የሟች ዕቃ ድንኳን መሀል ይዘረጋል። ገበሬ ከሆነ ካባውና ዱላው፣ ካህን ከሆነ ጥምጥሙና መቋሚያው ይወጣል። አልቃሿ አንዱን እያነሳች፣ ሌላውን እያስቀመጠች ታወድሰዋለች። ሙላት ግን መሐንዲስ ነበር፤ ያውም የአዲስ አበባ። የትውልድ አገሩ የሉማሜ ሰው ደሞዙን ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። ከደጀን ድረስ የመጣውም ሰው ለማልቀስ ብቻ አልነበረም የመጣው፤ ሊያይም ነው። ትናንት ማታ አንዲት ጎረቤት ንፍሮ እየዘገነች፣ ፍሪጁ በየትኛው መኪና እንደሚመጣ የብርጓልን በሹክሹክታ ጠይቃታለች።

ፍሪጅ የለም። የብርጓል ይህን ካወቀች ገና ሁለት ቀኗ ነው። አስከሬኑን ለመቀበል አዲስ አበባ ሄዳ ነበር፤ አስከሬኑ ወደ አገር ሲመጣ ዕቃውን አውጥታ ክፍሉን እንድታስረክብ እሷ ወደ ኋላ ቀረች። ሙላት በስልክ «ኮንዶሚኒየም» ይለው የነበረው ቤት ሁለት ታክሲ ተይዞ፣ ከዚያም በእግር ግማሽ ሰዓት ተኪዶ የሚደረስበት ከግቢ ጀርባ ያለ አንድ ክፍል ሆኖ አገኘችው። ስፖንጅ ፍራሽ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ምስማር ላይ በላስቲክ ተሸፍኖ የተሰቀለ ሙሉ ልብስ። አከራይዋ ክፉ ሴት አልነበረችም። በየስድስት ወሩ ኪራይ እንደጨመረችበት አልደበቀችም፤ እሷም የምትኖረው በዚያችው ውድ ከተማ መሆኑን ተናገረች። ሰኞ ሌላ ተከራይ እንደሚገባም ነገረቻት። የብርጓል የሚያዘውን በአንድ ሻንጣ ቆልፋ ይዛው መጣች።

ሰኞ። አንሙትም የሚጠብቀው ሰኞን ነበር። የሙላት ታናሽ፣ ሌላው ወንድሟ አንሙት በወረዳው ጽሕፈት ቤት ቀያሽ ነው። ለቀብር የመጡት የሙላት የሥራ ባልደረቦች አዲስ አበባ ላይ ቀያሽ እንደሚፈልጉ ነግረውት፣ እስከ ሰኞ መልስ እንዲሰጣቸው ስልክ ቁጥር ትተውለት ሄደዋል። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ደራሽ በመጣ ቁጥር ተነስቶ ያለቅሳል፣ ሲቀመጥ ደግሞ እጁን ኪሱ ከትቶ ያቺን ቁራጭ ወረቀት ይዳብሳል። ከቀብሩ ወዲህ እህል አልቀመሰም።

ከጭድ ክምሩ ጀርባ ጠራችው።

«ሰኞ ትሄዳለህ?»

«እሄዳለሁ እንጂ። አሁን የማገኘውን አራት እጥፍ ነው የሚከፍሉኝ።»

«ለሙላትም ይከፍሉት ነበር።»

«እኮ! ይህን ቤት ቆርቆሮ ማን አለበሰው? አንቺን ዩኒቨርሲቲ ማን አስተማረሽ? እኔ በወረዳ ደሞዝ ላስተምርሽ ነበር?»

«ከየት አምጥቶ ይመስልሃል?»

«ከደሞዙ ነዋ።»

«ከሆዱ» አለች የብርጓል።

አንሙት ትክ ብሎ አያት። «የሞተ ወንድምሽን ደሃ ልታደርጊው ነው? እንዲያ ከሆነ ክፈቺውና ሕዝቡ ይየው።»

ሻንጣውን ከከፈተችው ሙላት በአገሩ ፊት ይዋረዳል፤ ካልከፈተችው አንሙት ሰኞ አውቶቡስ ይሳፈራል።

ቆርቆሮውን ቀና ብላ አየችው። ከሦስት ዓመት በፊት ለፋሲካ መጥቶ ያስመታው ነው። ያኔ ሙላት እንደ አጫጅ ሲበላ እናታቸው እማ ዘሪቱ የከተማ ምግብ ጣዕም ቢያጣ ነው ብላ ሳቀች። እሱ ሆዱን በእጁ ደግፎ «ጨጓራ ነው፤ የከተማ ሰው ሁሉ አለበት» አለ። ሲመለስ «እንግዶቼ ወደውታል» ብሎ ሽሮ እንድትጨምርለት ለመናት። ከዚያ ወዲህ እማ ዘሪቱ የአዲስ አበባ ትልልቅ ሰዎች ሽሮዋን እንደሚበሉ ለደብሩ ሁሉ ስትናገር ኖረች። የብርጓል መናኸሪያ ስትሸኘው ለምን ጠቅልሎ እንደማይመጣ ጠይቃው ነበር። «ደሞዙ ብዙ ነው» አላት፣ «ከተማዋ ግን ከእኔ ቀድማ ትቀበለዋለች። ከምትመልስልኝ ላይ ነው የምልክላችሁ፤ እዚህ ብመጣ ደግሞ ያቺም ትርፍ የለችም።» እንደ ቀልድ ነበር የተናገረው። እሷም ስቃ አለፈችው።

ሁለቱ ከጭድ ክምሩ ወደ ቤት ሲመለሱ እናታቸውን ጓዳው ውስጥ ሻንጣው አጠገብ ተቀምጣ አገኟት።

«የሚያኮራ ዕቃ ቢሆን ቁልፉ አይጠፋብሽም ነበር» አለች ዝግ ብላ። «በሩን ዝጉና ስጪኝ።»

የብርጓል ቁልፉን ከአንገቷ ፈትታ ሰጠቻት፤ ሻንጣው ተከፈተ። ከላይ ሙሉ ልብሱ ወጣ፤ ቀጥሎ ኮሌታቸው ሲያልቅ ተገልብጦ የተሰፋ ሁለት ሸሚዝ። ከሥር አንድ የፕላስቲክ ሳህን፣ አንድ ኩባያ፣ አፉ በቀይ ክር የተሰፋ ግማሽ ጆንያ ሽሮ። እማ ዘሪቱ የገዛ ስፌቷን አወቀችው። በጣቷ ዳሰሰችው።

«ይህ ለእንግዶቹ ብዬ የላክሁት አይደለም?»

«እንግዳ አልነበረውም እማ። ጧት ሳይበላ ይወጣ ነበር፤ ማታ ሽሮውን ይበላል። ይኸው ነው ሳህኑ፤ ሌላ አላገኘሁም።»

አንሙት ሻንጣው ውስጥ እጁን ከቶ እስከ ጥግ ፈለገ። ምንም አልነበረም።

ሦስት ቀን ሙሉ ያለቀሰችው እናት አሁን አላለቀሰችም። ልብሱን አራግፋ ለሴት ልጇ አቀበለቻት። ሸሚዞቹን ኮሌታቸው እንዳይታይ አድርጋ አጠፈችና ከላዩ ደረበቻቸው። «መሐንዲስ ነበር፤ እንደ መሐንዲስ ይለቀስለት። የቀረውን ከእኛ በቀር ማንም አያየውም።»

የብርጓል ልብሱን ድንኳኑ መሀል አነጠፈችው። ሰዉ አንገቱን አሰገገ። አያ እንዳላማው ሌላ የሚመጣ ዕቃ ካለ ብለው ከኋላዋ ተመለከቱ፤ አልቃሿ ግን የኮቱን እጅጌ አንስታ ጀምራ ነበር።

ወደ ጓዳ ስትመለስ አንሙት መሬት ላይ ተቀምጧል። እናታቸው በዚያ የፕላስቲክ ሳህን ንፍሮ ሞልታ ፊቱ አስቀምጣለታለች።

«ብላ» አለችው። «ለአንድ ሰው ይበቃል።»

አንሙት ሳህኑን ብዙ አየው። እጁ አንድ ጊዜ ወረቀቷ ወዳለችበት ኪሱ ሄዶ ባዶውን ተመለሰ። ከዚያ ሳህኑን ገፍቶ በሦስታቸው መሀል አደረገው። እህቱን በዓይኑ ወደ መሬት ጠቆማት፤ ተቀመጠች። እሷ እስክትዘግን፣ እናቱም እስክትዘግን ድረስ እጁን ሳይዘረጋ ጠበቀ።