ሲሶው የማይነካ ጠበቃ

ጠበቃ ትሮይ ማዶክስን በዚያ የኬንታኪ አውራጃ የማያውቅ የለም። በአውራ ጎዳናው ዳር በተተከለ ትልቅ ሰሌዳ ላይ ክንዱን አጣምሮ ቆሟል፤ ከሥሩ «ለእርስዎ እዋጋለሁ» የሚል ተጽፏል። ከሰሌዳው ሌላ የትም ተዋግቶ አያውቅም።

ቨርሊን ስታምፐር ግን አምናው ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ስትመራ ኖራ፣ ትምህርት ቤቱ በተዘጋ በዓመቱ፣ ግንድ የጫነ መኪና ገጭቷት ቀኝ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ኮረብታው ላይ ካለው ቤቷ የምትወርደው የጎረቤት መኪና ለምና ነው። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ በእጅ ብቻ የሚነዳ መኪና። ልመና አንገሽግሿታል።

ዛሬ ማዶክስ የስምምነቱን ወረቀት አቀረበላት።

«የገጪው መኪና ኢንሹራንስ መቶ ሃያ ሺህ ዶላር ሊከፍል ተስማምቷል፣ እትዬ ቨርሊን። ሲሶው፣ አርባው ሺህ፣ የእኔ ነው። ሆስፒታሉን የከፈለልዎ የግዛቱ የድሆች የጤና ሽፋን ደግሞ ሰባ ስድስት ሺውን መልሱልኝ ብሏል።»

«ለእኔስ?»

«አራት ሺህ። ከምንም ይሻላል።»

«ላም አለኝ በሰማይ በለኛ። እስቲ የጤና ሽፋኑን ደብዳቤ አምጣው።»

ደብዳቤው ከፋይሉ ሲወጣ የቡና ኩባያ ክብ አትሞበታል። ቨርሊን ፊቱን እንኳ ሳታየው ገለበጠችው። ለተማሪዎች ምሳ መንግሥት የሚመልሰውን ገንዘብ ስትጠይቅ በኖረችበት ዘመን የተማረችው ነገር ነው፤ የመንግሥት ደብዳቤ የሚጠቅመውን የሚጽፈው በጀርባው ነው። ጣቷን እያስኬደች ጮክ ብላ አነበበችለት፦

«‹የምንወስደው ከካሳው ውስጥ ለሕክምና ከተመደበው ድርሻ ብቻ ነው። ድርሻው ካልተለየ ያወጣነውን ሁሉ እንጠይቃለን። የማይስማማ ዳኛ ፊት ይቅረብ።› አንተ ስምምነቱ ላይ ምን ብለህ ጻፍክ?»

«ለደረሰው ጉዳት ሁሉ።»

«በአንድ ድስት ጨመርከዋ። ግዛቱ የከፈለው ሆስፒታሉን ነው። እግሬን ከፍሎልኛል? ያጣሁትን ደመወዝስ?»

«መለያየቱ ዳኛ ፊት መቆም ይጠይቃል፣ እትዬ። ሁለት ወር ይፈጃል። ቅዳሜ ደግሞ የዓሣ ውድድር አለብኝ።»

«ቢለያይም ባይለያይም ያንተ አርባ ሺህ ይነካል?»

«ኧረ በፍጹም!» አለ ማዶክስ፣ ያጽናናት መስሎት።

በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይሏል ይሄ ነው። ቨርሊን እስክሪብቶውን ገፋ አደረገችው።

«እንግዲያው ለዚህ ነው ያልገለበጥከው። ሳይለያይ አልፈርምም።»

ከሁለት ወር በኋላ ዳኛ ፊት ቀረቡ። ማዶክስ ቨርሊን በእጇ ከጻፈችለት ወረቀት ላይ የሆስፒታሉን፣ የእግሯንና የደመወዟን ድርሻ ለያይቶ አነበበ፤ እሱንም እየተንተባተበ። ዳኛዋ ሰምተው ለሕክምና ሃያ ስድስት ሺህ ብቻ መደቡ። ግዛቱ ያንን ወሰደ፣ ለቨርሊን ሃምሳ አራት ሺህ ቀረላት። በእጅ የሚነዳው መኪና ዋጋው አርባ ዘጠኝ ሺህ ነው። ችሎቱ በሙሉ የፈጀው አሥራ አንድ ደቂቃ ነበር።

በፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ማዶክስ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ ለጭብጨባ የቆመ ይመስል ቀረበ።

«ተዋግተን አሸነፍን፣ እትዬ ቨርሊን!» አለና እጁን ዘረጋ።

ቨርሊን በተዘረጋው እጅ ላይ ክራንቿን አስያዘችውና የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ቀስ ብላ ወደ ጎረቤቷ መኪና ወረደች። ገብታ ከተቀመጠች በኋላ ክራንቿን ተቀበለችው።

«ለአርባ ሺህ ዶላርህ የሠራኸው ይቺን ነው» አለችና በሩን ዘጋችው።