ደረጃ የወጣው ፈረስ

አስጎብኚው ስለ መናፈሻውና ስለ ትልቁ ቤት ሲያወራ አፉ ሁልጊዜ ከእውቀቱ ይቀድማል፤ ይህን ደግሞ ከማንም በላይ ራሱ ያውቃል። ቤቱን ያሠራው ሀብታም ነጋዴ መሆኑ፣ ሚስቱም ልጅ ስላልነበራት ግቢውን ለከተማው ሰው አውርሳ መሞቷ እውነት ነው። የቀረው አብዛኛው የእሱ ፈጠራ ነው።

የሚኮራበት ፈጠራ በቤቱ መግቢያ ባለው የእምነበረድ ደረጃ ሦስተኛ እርከን ላይ ያለው ስንጥቅ ታሪክ ነው። "ነጋዴው በሠርጉ ቀን ሙሽራዋን ከኋላው አፈናጦ በፈረስ ሲወጣ ኮቴው የሰነጠቀው ነው" ይላል። ጎብኚ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ይዳስሰዋል። አዲሷ ኃላፊ እንዲያውም ታሪኩን ወዳው በነሐስ ሰሌዳ አስቀርጻ ዛሬ ልታስተክለው አመጣችው።

እውነቱ ሌላ ነው። ቤቱ ለከተማው የተላለፈ ሰሞን እሱና ቀጮ የሚሉት ጓደኛው ዕቃ አውራጆች ነበሩ። አንድ ቁምሳጥን ሲያወርዱ እሱ ከፊት ይዞ፣ በአትክልቱ መሀል የምታልፍ ልጅ አየና ጎበዝ ለመምሰል አንድ እጁን ለቆ ሰላም አላት። ቁምሳጥኑ ወድቆ ደረጃውን ሰነጠቀው። ልጅቷ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። አለቃቸው "ማነው የለቀቀው?" ሲል ጎበዙ አቀርቅሮ ጫማውን ማየት ጀመረ። ጥፋቱ በቀጮ ተላከከና ቀጮ ተባረረ። እሱ ግን ቀርቶ ጥበቃ ሆነ፤ ቀጥሎም አስጎብኚ።

ዛሬ ከጎብኚዎቹ ኋላ አንድ ሽማግሌ ቆሟል፤ አንገቱ አሁንም ቀጭን ነው። አስጎብኚው ቀጮ መሆኑን ወዲያው አወቀ። ምላሱ ግን እንደ ልማዷ ብቻዋን ቀጥላ ፈረሱን ደረጃው ላይ አወጣችው።

"አንድ ጥያቄ ነበረኝ" አለ ቀጮ በትህትና። "የፈረሱ ስም ማን ነበር?"

ኃላፊዋ ልትጽፍ እስክሪብቶዋን አወጣች። ስም መፍጠር መቼ ቸግሮት ያውቃል፤ ወዲያው ሦስት መጣለት። ነገር ግን ሠላሳ አምስት ዓመት ሲሸሸው የኖረው ሀፍረት አብሮ መጣበት።

"ፈረስ አልነበረም" አለ። "ቁምሳጥኑን የለቀቅኩት እኔ ነኝ። የተባረረው ግን እሱ ነው።"

ኃላፊዋ ሰሌዳውን ገልብጣ ደረቷ ላይ ያዘችው።

ቀጮ ደረጃውን ቀስ ብሎ ወጣና ስንጥቁን በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው።

"ይህን ያህል ትንሽ ነበር እንዴ?" አለ። ከዚያ የአስጎብኚውን ክንድ ያዘው። "ና፣ ልጆቼ በሩ ላይ እየጠበቁኝ ነው፤ አሁን ያልከውን ለእነሱም ንገርልኝ። ብቻ ፈረስ እንዳትጨምርበት።"