ዳልቻ ያልበላበት ጠዋት

ካልበላ አይወጋም፣ ይህን ሀዲያ ከማንም በላይ ታውቃለች፣ ኩዌት የሰው ድመት ስትወጋ በኖረችበት ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የተማረችው የመጀመሪያው ነገር ነው፣ ቀድሞ ምግብ፣ ከዚያ መርፌ፣ ባዶ ሆድ ላይ ኢንሱሊን ከገባ ስኳሩ ይወርድና ይጥለዋል፣ ሳይወጋ ከዋለ ደግሞ ስኳሩ ሽቅብ ይወጣና ያቃጥለዋል፣ ታዲያ የቱ ይሻላል፣ ማንን ትጠይቅ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት። ጉልበቷ ሲሚንቶው ላይ ቀዝቅዟል። መርፌው በቀኝ እጇ፣ ከፊቷ ሳህን፣ ሳህኑ ላይ ተቀቅሎ የደቀቀ የበግ ሳንባ፣ ከሳህኑ ወዲያ ዳልቻ፣ የእናቷ ድመት፣ አስራ ሦስት ዓመት የሞላው ግራጫ ሽማግሌ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። ብላ እንጂ። አንዴ ቅመስ። ስለ አላህ ብለህ።

አይዞርም።

ትናንት አመሻሹ ላይም ሁለቴ ልሶ ተወው፣ ያኔ ግማሽ ሰጠችው፣ ግማሽ ብሎ ነገር ካለ፣ መርፌው የተሠራው ለሰው ነው፣ መስመሮቹ የጉንዳን እግር ያህላሉ፣ የእሱ ድርሻ አንዷ መስመር ናት፣ የአንዷን መስመር ግማሽ በዓይን መገመት ማለት በጨለማ ክር ማስገባት ነው። ዛሬስ? ግማሹን ልስጠው? ልተወው? እሱ እንደሆነ አይናገርም፣ ቢናገር እንዲህ ይላል፣ አንቺ ልጅ ተይኝ።

አወቀ አልሸሸጋትም። አወቀ የከብት ሐኪሙ ነው፣ ገና ወጣት፣ ሰው በሬውንና በጉን ይዞ በተሰለፈበት ጠዋት እሷ ከዘንቢል ውስጥ ድመት ስታወጣ ሰልፉ ሁሉ ሳቀ፣ አረብ አገር ደርሳ የመጣች ድመት ታሳክማለች፣ ጉድ ነው፣ አለ አንዱ፣ እሱ ግን አልሳቀም፣ እጁን ታጥቦ የዳልቻን ሆድ ከግራ ከቀኝ ዳበሰ፣ አፉን ከፍቶ አሸተተ፣ ወረቀት በሽንቱ ነክሮ ቀለሙን አየ፣ ብዙ ቆየ። እህቴ፣ ስኳር ነው ያልሽው ልክ ነሽ፣ ግን ስኳር ብቻ አይደለም፣ ኩላሊቶቹ ሟሽሸዋል፣ እንደ ደረቀ ባቄላ ጠጥረዋል፣ አፉ ሽንት ሽንት የሚለው ለዚህ ነው። ታዲያ ምን ላብላው? ሳቅ የሚመስል ነገር ፊቱ ላይ መጣና ጠፋ። ስኳሩ ሥጋ አብዢልኝ ይላል፣ ኩላሊቱ ሥጋ ቀንሺልኝ ይላል፣ የቱን እንስማ? ውሃ አታሳጪው። በልቶ ሲያበቃ ብቻ ውጊው። መብላቱን ሲያቆም ግን፣ ያን ጊዜ መርፌው አይጠቅመውም፣ ያን ጊዜ እንዳታስቸግሪው።

ያን ጊዜ። ያን ጊዜ ዛሬ ነው እንዴ? ሰው እንዴት ያውቃል፣ ምናልባት ሳንባው ቀዝቅዞ ይሆናል፣ ምናልባት ነገ።

ቤቱን ያገኘችው ያለ እናት ነው። እናቷ የሺእመቤት ከተቀበረች በአስራ አንደኛው ቀን፣ ኮንትራቷን ጨርሳ ሻንጣዋን እየጎተተች ስትገባ፣ ድመቱ ከእናቷ አልጋ እግር ስር፣ ለሶላት ትታጠብበት በነበረው የውዱእ ማስታጠቢያ ውስጥ አንገቱን ቀብሮ ውሃ ይጠጣ ነበር፣ ጠጣ፣ ጠጣ፣ ቀና አለ፣ ደግሞ ጠጣ። ከዚያ ሄደ፣ የኋላ እግሮቹን በተረከዙ እየረገጠ እንደ ጥንቸል። ያኔውኑ አወቀች። ሉሉም እንዲህ ነበረች። ሉሉ፣ የኩዌቷ እመቤት ድመት፣ ነጭ፣ የምትተኛበት ትራስ የሀዲያን እናት አልጋ ያስንቃል፣ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማታ አንድ ሰዓት፣ የስልኩ ደወል ሲጮህ ሀዲያ የያዘችውን ጥላ ትሮጣለች፣ ጆሮዋን ወጋ፣ አንድ ጠብታ ደም፣ ቁጥሩን ጻፍ፣ ቆዳዋን ቆንጠጥ፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ መርፌ አላመለጣትም፣ አንድም፣ እመቤቲቱ ለእንግዶቿ ታወራላታለች፣ ሀበሻዋ ከሐኪም ትበልጣለች። ከሐኪም ትበልጣለች። የእናቷስ መርፌ ስንቴ አመለጠ።

እንዴት ነው ሥራሽ ልጄ፣ ትላለች እማዬ በስልክ። ድመት አክማለሁ። ድመት ደግሞ ምኗ ይታከማል? ስኳር አለባት እማዬ። ያኔ ሳቀች፣ ያ ከሆዷ የሚመጣው ሳቅ፣ ሳልም የተቀላቀለበት፣ ሳቋ ሲያልቅ መስመሩ ዝም አለ፣ የተቋረጠ መሰላት፣ ሃሎ፣ ሃሎ እማዬ፣ አለሁ፣ እንደ እኔው በይኛ። እንደ እኔው በይኛ ብቻ ነው ያለችው። ልጄ ነይ አላለችም። ብትል መቼ ልትመጣ፣ ፓስፖርቷ እመቤቲቱ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ኮንትራቱ ስምንት ወር ቀርቶት፣ ግን ብትል ኖሮ፣ አንዴ ብትል፣ አላለችም። መድኃኒቱን ብቻ ነው መላክ የቻለችው፣ አራት ብልቃጥ፣ በረዶ በያዘ ቦርሳ፣ ወደ ጎረቤት ከተማ አቀስታ ለሚመለስ ሰው አስይዛ፣ በአላህ አደራ ፀሐይ እንዳያገኘው። ደረሰ። አንዱ ለእናቷ ሆነ። ሦስቱ ተረፉ። መብራት በሄደ ቁጥር እንዳይበላሹ እማዬ እርጥብ አሸዋ በሞላችው ማሰሮ ውስጥ ቀብራቸው ነበር፣ ሀዲያ አገኘቻቸው፣ ለዳልቻ አንዱን ከፈተች፣ የተከፈተ ከወር በላይ አይቆይምና ሁለተኛውን ከፈተች፣ የእሱም ወር ዛሬ ይሞላል፣ ሦስተኛው ገና እንደታሸገ አሸዋው ውስጥ አለ። ይህን ማንም አያውቅም። ማንም ማወቅ የለበትም።

ዳልቻ፣ ቀመስ አድርግልኝ፣ አንዴ ብቻ፣ ጣቷን መረቁ ውስጥ ነክራ ወደ አፍንጫው ታስጠጋለች፣ ያሸታል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚህ በፊት እጇን ባየ ቁጥር ይሸሽ ነበር፣ አልጋ ስር፣ ከእህል ጆንያው ኋላ፣ መርፌው ገና ሳይወጣ ያውቃል፣ ዛሬ አይሸሽም። ይሄ ነው ያስፈራት። አለመሸሹ።

ቤቶች!

የአጥሩ በር ይንኳኳል። ቤቶች፣ ሀዲያዬ፣ አለሽ? እትዬ ብዙዬ ናቸው፣ ጎረቤታቸው፣ የእናቷ የሠላሳ ዓመት ቡና አጣጭ፣ ማርያም ማርያም እያሉ በሙስሊም ቤት የሚገቡ የሚወጡ። ይግቡ እትዬ፣ ትላለች፣ መርፌውን በነጠላዋ ስር ትሸፍናለች፣ ለምን እንደምትሸፍነው አታውቅም። አይቀመጡም። ፊታቸው እንቅልፍ ያጣ ፊት ነው። ልጄ፣ እህቴ የትምወርቅ ትናንት ከወግዲ መጣች፣ ስኳር እንዳለባት ታውቂያለሽ፣ መድኃኒቱ ካለቀባት አራት ቀኗ፣ መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ወግዲም የለ፣ እዚህም መድኃኒት ቤቱን ሁሉ ዞርኩት የለ፣ ሐኪሙ ስሙን ጽፎ ከየትም ፈልጉ አለን፣ ውሃ ውሃ ትላለች፣ አትጠግብም፣ ስትተነፍስ ደረቷ ይርገበገባል፣ እንዲያው ከእናትሽ የተረፈ ነገር ካለ ብዬ።

ወረቀቱን ይዘረጋሉ። ስሙ ያው ነው። ብልቃጡ ላይ ያለው ስም።

ሀዲያ ወረቀቱን ደግማ ታነባለች። አንድ ትንፋሽ። ሰው ነው እኮ፣ ሰው ነው፣ ምን ያስጠብቅሻል። ሁለት ትንፋሽ። የለም ብትል ማን ያውቃል፣ ጊዜው አልፎበት ጣልኩት ብትል፣ ዳልቻ ነገ ቢበላስ፣ ነገ ከበላ በምን ትወጋዋለች፣ የእናቷ ሽታ ያለበት ነፍስ በዚህ ቤት ውስጥ ይሄ ብቻ ነው፣ ሌላው ሁሉ ታጥቦ ተሰጥቶ አልቋል። ልየው እስቲ፣ ይላል አፏ። እግሯ ወደ ጓዳ ይሄዳል። ማሰሮው ፊት ቁጢጥ ትላለች፣ እጇን አሸዋው ውስጥ ትከታለች፣ ቀዝቃዛ፣ ብልቃጡን ትነካዋለች፣ አታወጣውም። የትምወርቅን አንዴ ብቻ ነው ያየቻት፣ ለእማዬ ሰደቃ ጊዜ፣ ከሲታ ሴት፣ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጣ ሽንኩርት ስትከትፍ የዋለች፣ ማንም ሳያዛት። ያ አላህ፣ ምን ዓይነት ሰው ሆኛለሁ፣ ድመትና ሰው እመዝናለሁ እንዴ።

ታወጣዋለች።

ይኸው እትዬ፣ አልተከፈተም፣ ጊዜውም አላለፈም። እትዬ ብዙዬ በሁለት እጃቸው ይቀበላሉ፣ መሬት ሊስሙ ጎንበስ ይላሉ፣ ትይዛቸዋለች፣ ተዉ፣ አይመርቁኝ፣ ለድመቱ ነበር ያስቀመጥኩት፣ ሲጠይቁኝ ልደብቅ አስቤ ነበር፣ ለዳልቻ። ወጣላት። አሁን ይስደቧት።

ለዳልቻ? ይላሉ። ወደ ግድግዳው ያያሉ፣ ወደ ሳህኑ፣ በነጠላው ጫፍ ብቅ ወዳለው መርፌ። አዬ፣ እሱንም ያዘው? ይቀመጣሉ፣ ዱካው ላይ፣ አሁን ነው የሚቀመጡት። እናትሽን ማን ይወጋት የነበረ ይመስልሻል? ራሷ፣ ትላለች ሀዲያ፣ በስልክ እየነገርኳት። ዓይኗ መስመሩን መች ያይና፣ እኔ ነኝ እንጂ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ትለጥፍና አንቺ የምትያትን ለእኔ ትለኛለች፣ አየሩን አስወጪ አለች ሀዲያ፣ ቆዳውን ቆንጥጠሽ አንሺ አለች ሀዲያ፣ ቀስ ብለሽ አለች፣ እኔ ፊደል ያልቆጠርኩት መርፌ ወጊ ሆንኩ። ለምን አልነገራችሁኝም? እንዳትጨነቂ፣ ልጄ ሰው አስቸገርኩ እንዳትል ትላለች እናትሽ። ልጄ እዚያ ሐኪም ሆናለች ስትለኝ፣ የድመት ነው እኮ እላታለሁ፣ ድመት ነፍስ የለውም ወይ ብላ ትቆጣኛለች።

ሀዲያ ልትስቅ ትፈልጋለች፣ አይመጣም።

እትዬ ብዙዬ ብልቃጡን መቀነታቸው ውስጥ ይሸጉጣሉ፣ አይነሱም ግን። መጨረሻዋ ጊዜ፣ ይላሉ፣ ያቺ ሳምንት፣ ወረኢሉ ለቅሶ ሄድኩ፣ ነገ እመለሳለሁ ብዬ፣ መኪና ጠፋ፣ አራት ቀን ቆየሁ። አራት ቀን። ስመለስ እሷ ሌላ ሰው ሆናለች፣ ስሜን ብትጠራም ዓይኗ አያየኝም። በማግስቱ አረፈች። ይህን ለማንም አልተናገርኩም ሀዲያዬ። ሰላም ባልሽኝ ቁጥር ልነግርሽ እልና እፈራለሁ። አፉ በይኝ።

አራት ቀን። በዚያች ሳምንት ሀዲያ ከኩዌት በየቀኑ ደውላለች፣ እማዬ አታነሳም፣ ኔትወርክ ነው አለች ለራሷ፣ ኔትወርክ ነው፣ የሉሉን ቁጥር ደብተሩ ላይ እየጻፈች፣ ኔትወርክ ነው። ሁለቱም። ሁለቱም በየፊናቸው ይህን ተሸክመው በአንድ አጥር ወዲህና ወዲያ ሲኖሩ። ምን ትላለች? ቁጣ ትፈልጋለች፣ ውስጧን ትበረብራለች፣ ለእኚህ ሴት የሚሆን ቁጣ የለም፣ ያላት ሁሉ ለራሷ ነበር። አፉ ብያለሁ፣ አብሽሩ እትዬ፣ አብሽሩ፣ እኔንም አፉ በሉኝ፣ ትላለች፣ ለምን እኔንም እንዳለች እሷም አታውቅም፣ እጃቸውን ይዛ ታነሳቸዋለች፣ አሁን ይሂዱ፣ የትምወርቅ ትጠብቃለች፣ መጀመሪያ ሐኪሙ ጋ ወስደው መጠኑን ይጠይቁት፣ አየሩን ማስወጣት እንዳይረሱ።

አልረሳም፣ ይላሉ።

የአጥሩ በር ይዘጋል። ቤቱ ጸጥ። መርፌውን ከነጠላዋ ታወጣለች፣ አንዷ መስመር ውስጡ አለች፣ ታየዋለች፣ ወደ መሬት ትጫነዋለች፣ አንድ ጠብታ ሲሚንቶው ላይ፣ ይኸው፣ ይህን ያህል ነበር። ከዚያ ዳልቻን ታነሳዋለች፣ ቀለለ፣ የጎድን አጥንቱ እንደ ዘንቢል ስፌት ይቆጠራል፣ ወደ ደጅ ታወጣዋለች፣ የመካነ ሰላም ጠዋት ገና ይበርዳል፣ ፀሐይዋ ግን ከማድቤቱ ግድግዳ ደርሳለች፣ እዚያ ትቀመጣለች፣ ጭኗ ላይ ታስቀምጠዋለች። እጇን ጀርባው ላይ ታሳርፋለች። ባዶ እጇን። ይሸሻል ብላ ትጠብቃለች። አይሸሽም፣ አገጩን ክንዷ ላይ ያስደግፋል፣ ከደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ይጀምራል፣ የተቆራረጠ፣ ደካማ፣ ከመጣች ወዲህ ሰምታው የማታውቀው፣ ድመት ደስ ሲለው እንደሚያሰማው ያንኮራፋል፣ ዳልቻ፣ የእኔ ጌታ፣ ስንት ቀን እኮ አሰቃየሁህ።

እንባው ያን ጊዜ ነው የሚመጣው። ሰደቃው ሲበላ ያልመጣው፣ መቃብሩ ላይ ያልመጣው። ሳትንሰቀሰቅ፣ እንዳትቀሰቅሰው።

ፀሐይዋ አናት ላይ ትወጣለች፣ ወደ ወዲያ ታዘነብላለች። ከመስጊዱ የቀትሩ የዙሁር አዛን ይሰማል፣ ልትነሳ ትልና አትነሳም፣ አላህ ያውቃል። ከአጥሩ ወዲያ የእትዬ ብዙዬ ድምፅ ይመጣል፣ ሀዲያዬ፣ የትምወርቅ ተነስታ ተቀመጠች፣ አጥሚት ፉት አለች፣ ትሰሚያለሽ? ትሰማለች። አልሐምዱሊላህ ልትል ትፈልጋለች፣ ድምፅዋን ከፍ ካደረገች ይደነግጣል፣ ስለዚህ እጇን ብቻ ታነሳለች፣ በአጥሩ ክፍተት ያዩታል፣ ይረዱታል፣ ወደ እህታቸው ይመለሳሉ። ማንኮራፋቱ ቆሟል፣ መቼ እንደቆመ አላስተዋለችም። ጎኑ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ይቆያል። ከፍ ይላል። እማዬ፣ ማን ነበር እጁን ጀርባሽ ላይ ያኖረው፣ ሰው ነበረ ወይ፣ ዝቅ ይላል፣ እኔ አለሁ በይው፣ ይስማ፣ አለሁ ዳልቻ፣ አለሁ፣ መዳፏ ፀጉሩ ውስጥ ሙቀቱን ይዞ ይጠብቃል፣ ከፍ እንዲል ይጠብቃል፣ አለሁ፣