ኦቦ ዋቆ በመረቡ መሃል

ለንሳ ያንን ቀይ ነጥብ ትወደው ነበር፤ ምን ይደረግ፣ አንድ ዓመት ሙሉ የለፋችበት ነው። ከጊንጪ እስከ ጌዶ ገበያ ለገበያ እየዞረች ሦስት መቶ አርሶ አደር «ይህን በሬ ከማን አገኙት?» ብላ ጠይቃለች። መልሱን ኮምፒውተር ውስጥ ስትከተው እያንዳንዱ ሰው ነጥብ፣ እያንዳንዱ ግዢ መስመር ሆነና መረብ ወጣው። መሃሉ ላይ ደግሞ መቶ አሥር መስመር የተሰበሰበበት አንድ ወፍራም ቀይ ነጥብ ቁጭ አለ፦ ዋቆ፣ ጌዶ።

በ2004 ግንቦት አምቦ ላይ በሥነ ሕይወት የመረብ ትንተና ጉባኤ ሲጠራ ይህን ይዛ ቀረበች። ከእሷ በፊት ሊቃውንቱ ስለ ፕሮቲን መረብ ሲያወሩ አዳራሹ እንቅልፉን በትሕትና ሲታገል ቆይቷል። የከብት ነገር ሲመጣ ግን ሁሉም ነቃ። ጥናቷ ለሁለተኛ ዓመት ይቀጥል አይቀጥል የሚወስኑት ዶክተር ፀዳለ ብዕራቸውን ይዘው ከፊት ተቀምጠዋል። እሳቸው ካልፈቀዱ ለንሳ ወደ እጃጂ የእንስሳት ክሊኒክ፣ ወደ መዝገብ ያዥነቷ መመለሷ ነው።

«አፍተግር የሚባለው የከብት በሽታ የሚዛመተው» አለች፣ ገና ያላገኘችውን የዶክተርነት ድምፅ አስቀድማ ተውሳ፣ «በአንድ ትልቅ ነጋዴ በኩል ነው። ይህን ነጥብ ብንዘጋ የበሽታው መንገድ ከሲሶ በላይ ይቆረጣል።»

ጭብጨባው ሳያልቅ ከኋላ አንድ ሽማግሌ ተነሱ። አርሶ አደሮችም ይሳተፉ ተብሎ ከየወረዳው ከተጠሩት አንዱ ናቸው።

«አከም ጅርቱ፣ እንደምን ናችሁ። ዋቆ እኔ ነኝ» አሉ። «ልትዘጉኝ ነው አሉ።»

ለንሳ መግቢያ ጠፋት። ሦስት መቶ ሰው ስታነጋግር እኚህን ሰው አንድ ቀን ሄዳ አላየቻቸውም። ስማቸውን ከመለማመዷ የተነሳ የምታውቃቸው መስሏት ነበር።

«አይቀየሙኝ ኦቦ ዋቆ፣ ስንት ከብት ሸጠዋል?»

«እኔ? አንዲት ላም አለችኝ። እሷም ከጌዶ ወጥታ አታውቅም።»

«ታዲያ መቶ አሥር ሰው በሬውን ከእርስዎ አገኘሁ ብሏል!»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ ዋስ ነኝ። በሬው የተሰረቀ ቢሆን በእኔ ብዬ የምቆም። ሻጩ እንደሆነ ሸጦ ሄዷል፤ ስሙ ለገዢው ምን ያደርግለታል? ነገ ነገር ቢመጣ የሚይዘው እኔን ነው። ከማን አገኘህ ስትዪው ዋቆ ይልሻል።»

ሳቁ ከኋላ ተነስቶ ፕሮቲኖቹ ዘንድ ደረሰ። ለንሳ እኮ የእጃጂ ልጅ ናት፤ አባቷ በሬ ሲገዛ ዋስ ፍለጋ ሲንከራተት ስንቴ አይታለች። ኮምፒውተር ፊት ስትቀመጥ ያንን ሁሉ ረስታው መገኘቷ አንገበገባት። እንባዋ መጣ።

ዶክተር ፀዳለ መነጽራቸውን ጠረጉ። «ሰው ማንን እንደሚያምን በደንብ አሳይተሽናል። እኛ የጠየቅነው ግን ከብቱ ከየት እንደመጣ ነበር። ይቀጥል ለማለት ይቸግረኛል።»

«ምን ጎደላት?» አሉ ኦቦ ዋቆ።

«የሻጮቹ ስም።»

«እሱማ እኔ ጋ አለ። የማላውቀው ሰው ዋስ ሆኜ አላውቅም። ጌዶ ትምጣና አንድ በአንድ እነግራታለሁ። እስከ መስከረም ካልጨረሰች እኔን ያዙኝ።»

«አባቴ፣ ሳይንስ በዋስ አይሄድም» አሉ ዶክተሯ ፈገግ ብለው።

«ታዲያ በምንድን ነው የሚሄደው?» ሲሉ ሽማግሌው ጠየቁ፣ ከልባቸው ሊያውቁ ፈልገው።

ዶክተር ፀዳለ ወደ ሊቃውንቱ ዞረው አዩ። ሊቃውንቱ ወረቀታቸውን አዩ። ዶክተሯ ከውሳኔው ቅጽ ግርጌ «እስከ መስከረም ይቀጥል። ዋስ፦» ብለው ጻፉና ወረቀቱን ለሽማግሌው ገፋ አደረጉላቸው።

ኦቦ ዋቆ ወደ ፊት መጥተው ቀስ ብለው ፈረሙ። ብዕሩን ከመለሱ በኋላ ነው ወደ ለንሳ ዞረው፦

«ለመሆኑ የማን ልጅ ነሽ?» ያሏት።