ቡሹ ላይ የታሰረው ሪባን

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የነበሩት አባቷ ሲታሰሩ፣ መንግሥት የድርቤን የትምህርት ዕድል ሰርዞ ከምሥራቅ ጀርመን ጠራት። ዲግሪዋን ሳትጨርስ ነቀምቴ ተመልሳ ኬሚስትሪ ማስተማር ያዘች። አሁን ግን ከአዲስ አበባ የሚመጣው ጓድ ተረፋ ሥራዋን ከወደደው ተመልሳ ትጨርሳለች ተባለ። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለች!

ሥራዋ ያለው አንዲት ጠርሙስ ውስጥ ነው። በሻንጣዋ ያመጣችው ፈሳሽ ከመዳብ ሽቦ ጋር ተከቶ፣ አየሩ ተመጥጦ፣ በቡሽ ታሽጓል። ጠርሙሱ አልትራሳውንድ ገንዳ ውስጥ ሲቀመጥ፣ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ መዳቡን ይቀሰቅሰዋል፤ መዳቡም የፈሳሹን ሞለኪውሎች አንድ በአንድ እየቀጠለ ሰንሰለት ይሠራል። ድምፁ ሲቆም ሰንሰለቱ ባለበት ይቆማል፤ ሲመለስ ከዚያው ይቀጥላል። ጠዋት ሞክራው ፈሳሹ ዘይት መስሎ ሲወፍር አጠፋችው። እንግዳው ፊት አስነስታ እንደ ማር ልታወፍረው ነው። ሰንሰለቱን የሚገድለው አየር ብቻ ነው፤ ይህንንም ለርዕሰ መምህሩ ለጓድ ነገራ ደጋግማ ነግራዋለች።

ነገራ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር። በዚያ ዘመን ግን የእህል መጋዘንም ይሁን ሽንት ቤት፣ የክብር እንግዳ ሪባን ሳይቆርጥ የሚመረቅ ነገር አልነበረም። ድርቤ አዳራሹ ውስጥ ወንበር ስታስተካክል ነገራ ቡሹ ላይ ቀይ ሪባን አሰረ።

ጓድ ተረፋ ሪባኑን ቆረጠ። መቁረጡ አልበቃ ብሎት ቡሹንም ነቀለው፤ አፍንጫውን አስጠግቶ አሸተተ። "ኧረ ይከረፋል!" ብሎ ሳቀ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ድርቤ ልትጮህ አፏን ስትከፍት ነገራ ክንዷን ጨመደደው። "ጨሊሲ፣ ኢንተላ ኮ!" አላት በጆሮዋ። "ዝም በይ፣ ልጄ፤ አባትሽን አስቢ።"

ቡሹን መልሳ ማሽኑን አስነሳች። ውሃው ተንቀጠቀጠ፤ ፈሳሹ ግን ያው የጠዋቱ ዘይት ነው። ጠበቁ። ጓድ ተረፋ ሰዓቱን አየ።

"ይሄ አሻጥር ነው ወይስ አለማወቅ?"

አንገቷን ደፋች። "አለማወቅ ነው፣ ጓድ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"ግለ ሂስሽን ተቀብለናል። ለማታውቂ ሰው ግን ጀርመን ምን ያደርግልሻል?" አለና ወጣ። እንደገና ተጨበጨበ።

ነገራ ሪባኑን ከወለሉ አንስቶ፣ ለሚቀጥለው እንግዳ እንዲሆነው አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

"አተረፍኩሽ እኮ፣ ድርቤ" አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። "ክንድሽን ባልይዝሽ ኖሮ በልተውሽ ነበር።"

አንጀቷን ያሳረራት እውነቱን መሆኑ ነው።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለችው።