በሌላ ስልክ እየተደመጠ ነው

ዘፈኑ መሀሉ ላይ ቆመ።

ፀደንያ ጥቁር ሻሿን የምታስተካክል መስላ ጆሮዋን ነካ አደረገች። ማዳመጫው አልወለቀም። ጉልበቷ ላይ በነጠላዋ የሸፈነችውን ስልክ ገለጥ አድርጋ አየችው። «በምንይችል ስልክ እየተደመጠ ነው» ይላል። ከትናንት ጀምሮ ይህንኑ ነው የሚላት። ምንይችል ባሏ ነው። ከተቀበረ ሰልስቱ እንኳ ገና አልወጣም።

«አልቅሽ እንጂ ልጄ፣ አልቅሽ ይውጣልሽ» አሏት አጠገቧ የተቀመጡት ወይዘሮ ያለምዘውድ። ጎረቤት ናቸው። በዚህች የቁይ ከተማ ውስጥ ማን ምን ያህል እንዳለቀሰ ከእሳቸው የተሰወረ ነገር የለም። ጎንበስ ማለቷን ለእንባ ቆጠሩላት።

«እሺ» አለች።

ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ዘፈን መስማት ምን እንደሚያመጣ አልጠፋትም። እዚህ አገር ሰው ሲሞት ቴሌቪዥኑ ላይ ጨርቅ ይጣላል፣ የጎረቤት ሬዲዮ ሳይቀር ይዘጋል። የሟች ሚስት ጆሮዋ ውስጥ ዘፈን ሰክታ ፍራሽ ላይ ተገኘች ቢባል ወሬው ደብረ ማርቆስ ከእሷ ቀድሞ ይገባል። ድሮስ ማን ይወዳታል? አባቷ የኮምቦልቻ ሙስሊም ነው። እናቷ ክርስቲያን መሆኗ፣ እሷም ክርስትና መነሳቷ ለአማቷ ለወይዘሮ ጥላነሽ ምንም አልነበረም። ሰርጓ ላይ አልመጡም። ቀብሩን ግን ማንንም ሳያማክሩ ከማርቆስ ወደ ቁይ አስወሰዱት። «ልጄ ለአገሩ አፈር ይብቃ» አሉ፣ አለቀ። ሚስት ተብላ የደረሳት የፍራሹ ጫፍ ነው፣ በሩ አጠገብ፣ ብርዱ የሚገባበት።

ይህን ሁሉ ትችለው ነበር። ያቃጠላት የስልኩ ነገር ነው።

ምንይችል የመሬት ቀያሽ ነበር። ከአማኑኤል ከተማ ወዲያ መሬት ሲለካ ውሎ በሞተር ብስክሌቱ ሲመለስ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። ዕቃውን ከሆስፒታል የተረከበው ታናሽ ወንድሙ አንሙት ነው። ጃኬቱን፣ ሰዓቱንና አንድ እግር ጫማውን አምጥቶ ሰጣት።

«ስልኩስ?» አለችው።

«አልተገኘም።»

«ስደውል እኮ ይጠራል።»

«አስፋልት ላይ የወደቀ ስልክ ማን ይተወዋል? ያነሳው ሰው ነዋ የሚያስጠራው።»

ዓይኗን እያየ ነው የመለሰላት። አንሙት ገበያው ላይ እህል ይነግዳል። መዋሸቱን እዚያ ነው የተማረው ብላ በልቧ ሰደበችው። ቤቱ ውስጥ ሆና ደጋግማ ደወለች፣ የሚሰማ ነገር የለም። ቢኖርም አይሰማም ነበር፤ ምንይችል የስልኩን ጥሪ ሁልጊዜ ድምፅ አልባ አድርጎ ነው የሚይዘው። ዘፈን ሲሆን ብቻ ነው ያ ስልክ አፍ የሚያወጣው።

ሌባ ወስዶት ቢሆን ኖሮ፣ የሌባ ዘፈን ቀሳውስቱ ለጸሎት ሲገቡ አይቆምም። ይሄኛው ይቆማል። አዲስ ለቀስተኛ ደርሶ ቤቱ በዋይታ ሲናጋ ይቆማል፣ ሰው ንፍሮውን ይዞ ጸጥ ሲል ይጀምራል። ስልኩ እዚሁ ቤት ውስጥ ነው። አፍጥጠው ዋሽተዋታል። አውጡ እንዳትላቸው ደግሞ፣ በምን አወቅሽ ቢሏት መልሷ ምን ሊሆን ነው? ዘፈን ሳዳምጥ?

የዘፈን አፑ አካውንት የእሱ ነው፣ በሁለት ስልክ ይጠቀሙበት ነበር። አንዱ ሲከፍት የሌላው ይቋረጣል። በቁሙም በዚህ ተጨቃጭቀዋል። እሷ ማርቆስ ወጥ እየሠራች አንድ ነገር ታዳምጣለች፣ እሱ የሆነ ተራራ ላይ ሆኖ የራሱን ይነካል፣ የእሷ ይቆማል። ትደውልና «አንተ ሰውዬ፣ ለራስህ ሌላ አውጣ» ትለዋለች። ይስቃል። «አንቺ መቼ አስጨርሰሽኝ ታውቂያለሽ» ይላታል።

ታዲያ እንዲህ እየተቋረጠባት፣ እንዲህ እየፈራች፣ ለምን አትተወውም?

መተው አልቻለችም። ደግነቱን እየጠቀሰ የሚያስለቅስ ድንኳኑ ሙሉ ሰው አለ። እሷ የምታውቀው ምንይችል ግን ጠብ ሲጀመር ጆሮውን የሚደፍን ሰው ነው። ድምጿ ከፍ ሲል ሁለቱን ማዳመጫ ይሰካል። ቋንቋውን የማያውቀውን ዘፈን፣ የማሊውን፣ የፖርቱጋሉን ይከፍታል፤ አንዳንዴም ከየትኛው ዓለም እንደሚተላለፍ ያልገባትን የኢንተርኔት ሬዲዮ። ከዚያ ይሄዳል። ወንበሩ ላይ ቁጭ እንዳለ ነው የሚሄደው። እሷ ፊቱ ቆማ ስትጮህ እሱ እግሩን በምቱ ያወዛውዛል። ስንቴ ከጆሮው ላይ መንጭቃ ልትወረውርለት ተነስታለች።

የመጨረሻዋም ጠዋት እንደዚያው ነበረች። ለበዓል እናቱ ጋ እንሂድ አለ። «ለማትፈልገኝ ሴትዮ ደጅ አልጠናም» አለችው። ማዳመጫውን ሰካ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ ወጣ። ደህና ዋይ አላላትም። እሷም አላለችውም።

አፑ የዚያን ዕለት የሰማውን ሁሉ በተርታ አስቀምጦታል። እሱን ነው እየሰማች ያለችው፣ ከጠዋቱ ጀምራ ወደ ማታው። ከእሷ ሸሽቶ የሚገባበትን ማየት ፈለገች። የመጨረሻዋን ዘፈን እስክትሰማ አታርፍም። ግማሹ ላይ እንኳ አልደረሰችም። ስልኩን የያዘው ሰው መሀል መሀሉን ይቆርጥባታል፣ እሷም መልሳ ትቆርጥበታለች። የባሏ ለቅሶ ላይ ተቀምጣ፣ ማንነቱን ከማታውቀው ሰው ጋር፣ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ስትጣላ ዋለች።

አመሻሹ ላይ ወይዘሮ ያለምዘውድ ወደ አማቷ ጆሮ ጠጋ ሲሉ አየች። ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸው ነበር።

«ይቺ ልጅ እንባ የላትም እንዴ?»

«ከየት ታመጣዋለች» አሉ ወይዘሮ ጥላነሽ። «ልጄን ከቤቴ አስቀረችው፣ አሁን ደግሞ እንባዬን ልትቆጥር መጥታ ተቀምጣለች።» ይህን ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

በዚያው ቅጽበት አንሙት እጁን ኪሱ ከትቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ወዲያው የፀደንያ ዘፈን ቆመ። ቆሽቷ አረረ። አንተ ነህ እንግዲህ፣ አለች በልቧ። ቆይ፣ አሳይሃለሁ።

ማድረግ የምትችለውን ታውቀዋለች፣ ምንይችል ራሱ ሠርቶባታል። አንድ ጊዜ ከመስክ ሆኖ፣ በገዛ ስልኩ፣ እሷ ስልክ ላይ ዘፈን ለቀቀባት። መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ነበረች። አለቃዋ ስለ በጀት ሲናገር ከቦርሳዋ እልልታና ከበሮ ፈነዳ። ማታ ሲመጣ አላናገረችውም። እሱም ይቅርታ አላለም፣ ማዳመጫውን ሰካ።

በማግስቱ ሰልስት ሆነ። ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞላ። ቀሳውስቱ ፍትሐቱን አድርሰው ተቀመጡ፣ ሰውም በላ። አንሙት መሀል ላይ ቆመና ነጠላውን አጣፍቶ ማመስገን ጀመረ።

«ከአማኑኤልም፣ ከደምበጫም፣ ከማርቆስም ድረስ መጥታችሁ ያጽናናችሁን ሁሉ...»

ፀደንያ ከነጠላዋ ሥር ጣቷን አንቀሳቀሰች። ከዘፈኖቹ ሁሉ በጣም የሚያስጨፍረውን መረጠች። በየትኛው ስልክ ይደመጥ ሲላት የምንይችልን ስልክ ነካች። ድምፁን ጫፍ ድረስ ከፈተችው። ይዋረድ፣ የወንድሙን ስልክ ሰርቆ በሬሳው ላይ የሚዘፍን ይባል፣ ገበያ የሚወጣበት ፊት ይጣ። ከዚያ ለቀቀችው።

ከበሮው ድንኳኑን አናጋው። ጭብጨባ ተከተለ፣ እስክስታ ውረዱ የሚል ድምፅ ተከተለ። ቄሱ ጽዋቸውን እንደያዙ ቀሩ። ሰው ሁሉ ዞር አለ፣ አንሙትም አብሮ ዞር አለ።

ዘፈኑ የሚመጣው ከወይዘሮ ጥላነሽ ደረት ነው።

ፀደንያ መጀመሪያ ክው አለች። ቀጥሎ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አላት። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። በእሷ ላይ እንባ የለሽ ያሉት ሴትዮ ከነማተባቸው፣ ከነጥቁር ልብሳቸው፣ በልጃቸው ሰልስት ላይ ጭፈራ ታቅፈው ተገኙ። ሁሉም ይያት፣ አለች። እንዲያውም ሁሉም ይስማት።

ወይዘሮ ጥላነሽ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ ጫኑ። ከልብሳቸው ሥር ማጥፊያውን አላገኙትም። ግራ ቀኝ አላዩም፣ ማንንም አላፈሩም። አንገታቸውን ወደ ደረታቸው ደፍተው፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ዝግ ብለው ተናገሩ።

«ተው ልጄ። ተው ምንይችል፣ ሰው አለ።»

ደረታቸውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

«ተውልኝ፣ በኋላ እሰማሃለሁ። አሁን ሰው አለ።»

የፀደንያ ጣት ሳታዝዘው ዘፈኑን አቆመ።

ወይዘሮ ጥላነሽ ቀና አሉ። ፊታቸው ላይ የነበረው ኀፍረት አልነበረም። ዞረው ወይዘሮ ያለምዘውድን «ታዘዘኝ» አሏቸው። ያን ጊዜ ድንኳኑ በአንድ አፍ ፈነዳ። ወንዱም ሴቱም፣ ትናንት ለወጉ ያለቀሰውም ሁሉ፣ ደረቱን እየደቃ አለቀሰ። አንሙት ምስጋናውን ሳይጨርስ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ፀደንያ ብቻ ደርቃ ቀረች። ይህን ያደረገችው እሷ እንደሆነች የሚያውቅ አንድም ሰው የለም።

ለቀስተኛው ሲበተን አማቷ በአገጫቸው ጠሯት። ተከትላቸው ጓዳ ገባች። ስልኩን ከደረታቸው አወጡት። መስታወቱ በአንድ ጎኑ ተሰነጣጥቋል።

«ላንቺ ልሰጥሽ አይደለም።»

«አልጠየቅኩዎትም።»

«አንሙትን ጠይቀሽዋል። የለም በል ያልኩት እኔ ነኝ፣ እሱን አትቀየሚው።» መደቡ ላይ ተቀመጡ። እሷን ተቀመጪ አላሏትም። «ከሆስፒታል ሲያመጣው ገና ይዘፍን ነበር። ልጄ ሞቶ ይህ አልሞተም። እንዴት ላንቺ ልስጥ?»

ፀደንያ ይህን አላሰበችውም። ስልኩ እሱ ከሞተ በኋላም ሲዘፍን ቆይቷል ማለት ነው። ተርታው ጫፍ ላይ ያለችው ዘፈን እሱ የሰማት አይደለችም። እስከየቱ ድረስ እንደሰማ አፑ አያውቅም፣ እሷም አታውቅም።

«እኔ ይህን ነገር ስጠላው ነው የኖርኩት» አሉ ወይዘሮ ጥላነሽ። «አንድ ቀን መጥቶ፣ እማ እስኪ ስሚ ብሎ ጆሮዬ ላይ ሊያደርግልኝ ሲል እጁን መታሁት። ዳግመኛ አልሞከረም። አሁን ጓዳ ገብቼ በቀስታ ስከፍተው ያቆምብኛል። ትንሽ እሰማለሁ፣ ያቆምብኛል። ድሮም እንዲህ ነው፣ ሲያኮርፍ አይናገርም፣ ይዘጋል።»

«አውቃለሁ» አለች ፀደንያ። ሳታስበው ነው ያመለጣት።

ወይዘሮ ጥላነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብለው አዩዋት። «አንቺንም ይዘጋሽ ነበር?»

«ይዘጋኝ ነበር።»

ወይዘሮ ጥላነሽ የስልኩን መስታወት በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። እርቅ ግን አልነበረም።

«ዛሬ ግን ተው ስለው ተወልኝ። ፊደል የቆጠርሽ ነሽ፣ ንገሪኝ። ሰምቶኛል አይደል?»

የሚያቆምብዎት እኔ ነኝ። ይህንን ማለት ብቻ ይበቃታል። ለሰርጓ፣ ለቀብሩ፣ በሩ አጠገብ ላለው ብርድ፣ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ትከፍላቸው ነበር። ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ሴትዮዋ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው አፍ አፏን ያያሉ።

«ሰምቶዎታል» አለች።

«ነገም ያኮርፈኝ ይሆን?»

«አያኮርፍም። ካሁን በኋላ አያቆምብዎትም።»

«እንግዲያው ነገ ወደ ማርቆስሽ ሂጂ» አሉ። «እዚህ ምን ትሠሪያለሽ።»

«እሄዳለሁ።»

ተመልሳ በሩ አጠገብ ፍራሿ ላይ ተቀመጠች። ማዳመጫዋን ሰካች፣ ያቆመችበትን ዘፈን ከፈተች። የፖርቱጋል ሴት ናት፣ ምን እንደምትል አይገባትም። ዘፋኟ አንድ ስንኝ ሳትጨርስ ቆመች። «በምንይችል ስልክ እየተደመጠ ነው።» ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ያችው የፖርቱጋል ሴት በቀጭኑ መዝፈን ጀመረች።

የፀደንያ አውራ ጣት መልሶ ሊቀማ ሄደ። መንገድ ላይ አስቀረችው። የአካውንቱን የይለፍ ቃል ምንይችል ነው የሚያውቀው፣ ነግሯት አያውቅም። አንዴ ከወጣች መግቢያ የላትም። ያልሰማቻቸው ዘፈኖች ገና ተደርድረው ነበር። እነሱን እስከ ታች ድረስ በጣቷ እየገፋች አየቻቸው፣ ስማቸውን ብቻ። ከዚያ «ውጣ» የሚለውን ነካች፤ ማዳመጫዎቹን አንድ በአንድ ከጆሮዋ አውልቃ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረቻቸውና ጓዳው ወዳለበት ጎን ተጋደመች።