ከእኛ ቀድሞ ሰመራ የደረሰው ዳጉ

ያሳደግኳት የልጄ ልጅ ወንጌላዊት ሰመራ አዋላጅ ነርስ ሆና ከተቀጠረች ሁለት ዓመቷ ነው። እኔ ያለሁት አዋሽ ሰባት ኪሎ ነው። በየሁለት ሳምንቱ አውቶቡስ ትሳፈራለች፤ እኔ ደግሞ እስክትደርስ በስልክ መቀመጫ አሳጣታለሁ። ዘንድሮ መኪና ልትገዛ ተነሳች። ሦስት ተገኘ፦ የጎረቤታችን የቻላቸው ቤንዚን ቪትዝ፣ አብራት የምትሠራው የኢናስ ሃይብሪድ፣ ካሕሳይ የሚባል ነጋዴ የሚሸጠው ኤሌክትሪክ። የእሷ ልብ ኤሌክትሪኩ ላይ ነው። እኔ ያልመረቅኩትን ግን አትገዛም፤ አስተዳደጓ እንደዚያ ነው።

እኔ ለቤንዚኑ ነበር የማደላው። በረሃ ላይ ቢያልቅባት ጄሪካን የያዘ ሹፌር አይጠፋም። መብራት በጄሪካን ማን ያቀብላታል? ሃይብሪዱ ሁለቱንም ስለያዘ አስታራቂ መስሎኝ ነበር፤ ኢናስ ግን በደወልንላት ቁጥር ማደያ ሰልፍ ላይ ናት።

ካሕሳይ፣ "ሰመራ ድረስ ነድተሽ ሞክሪው፣ እሁድ ቁርጡን ንገሪኝ" አላት። ብቻዋንማ አትሄድም ብዬ ሃያ ሊትር ውሃ ጭኜ አብሬ ተቀመጥኩ።

ቻላቸው በሩ ላይ ቆሞ ሲያየን ቆየና፣ "እማማ ስንቅነሽ፣ በባትሪ ድንጋይ በረሃ ሊያቋርጡ ነው? ገዋኔ ላይ ሲቆም ይደውሉልኝ፤ በቪትዜ መጥቼ እጎትታችኋለሁ" አለኝ።

"አንተ መጀመሪያ ቤንዚኑን አግኝለት" አለችው ወንጌል።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስንነሳ ስክሪኑ ላይ ባትሪው መቶ በመቶ ይላል። ሦስት መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ይጠብቀናል። መጀመሪያ በሩን ጨብጬ ነበር የተቀመጥኩት። ድምፅ የለው፣ ጭስ የለው፤ ኤሲው እየነፈሰልን፣ ግመሎቹ እንኳ ከአጠገባቸው እስክንደርስ አይሰሙንም። ገዋኔ ማደያ የተሰለፉትን መኪኖች ሳንቆም ስናልፋቸው፣ ምን ልበላችሁ፣ እንደ ልጅ እጄን አውለበለብኩላቸው። ያን ጊዜ ነው ልቤ ቤንዚኑን ከድቶ ወደ ኤሌክትሪኩ የሄደው።

ሚሌ ላይ ለሻይ ቆምን። ጥላው ሥር ሐጂ አብዱሰላም ተቀምጠዋል፤ የጥጥ እርሻ መጋዘን ጸሐፊ በነበርኩበት ዘመን ከብቶቻቸውን በዚያ ያሳልፉ ነበር። ተጨባበጥን፤ ከዚያ በአፋር ወግ ዳጉ ተጠያየቅን። ዳጉ ተራ ወሬ አይደለም። ከየት መጣህ፣ መንገድ ላይ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ትባላለህ፤ አይተህ ከሆነ አየሁ፣ ሰምተህ ከሆነ ሰማሁ ትላለህ። ያላየውን አየሁ ያለ ሰው ዳግመኛ ጆሮ የሚሰጠው የለም። አርባ ዓመት እዚህ ስኖር ይህን አንድ ቀን አጥፍቼ አላውቅም።

"ይቺስ መኪና?" አሉኝ።

"የመብራት ናት። ከአዋሽ አንዴ ተሞልታ ሰመራ ገባች" አልኳቸው።

ገባች። ገና ሚሌ ቆመን። ከአፌ ሲወጣ ነው የሰማሁት። ሐጂ ግን ዞር ብለው ወደ ሎጊያ ለሚሄድ የከባድ መኪና ሹፌር ነግረውታል፣ ሹፌሩም ሞተሩን አስነስቷል። ለእኔም የራሳቸውን ዳጉ ሰጡኝ፤ "ከሎጊያ የመጣ ነግሮኛል፤ ነፋሱ ፊት ለፊት ነው፣ አሸዋም አለው።"

መኪናው ውስጥ ስገባ ወንጌል ስክሪኑን በእጇ ሸፈነችው። እጇን አነሳሁት። አሥራ ስምንት ይላል።

"ስልሳ ኪሎ ሜትር ነው የቀረን፤ ያለ ነፋሱ ይበቃል" አለች።

"ከነፋሱስ?"

"እንጃ። እዚሁ ብንሞላስ?"

"ሴትዮዋ ሚሌ ላይ ስትሞላ አየሁ ይበሉኝ? ኤሲውን ዝጊ።"

ዘጋችው። በስልሳ ነዳን። ሲኖትራኮች እየጮሁብን አለፉ። ሙቀቱ ቀሚሴን ገላዬ ላይ ለጠፈው፤ የጫንኩትን ውሃ ከፊሉን ጠጣን፣ ከፊሉን አናታችን ላይ አፈሰስን። አሥራ ሁለት፤ ዘጠኝ፤ ስድስት። ቁጥሩ በወረደ ቁጥር እሷ ስትፈራ እኔ ስጋቱም ደስታውም አንድ ሆኖብኝ ወንበሩ ጫፍ ላይ ወጣሁ።

ሎጊያ ስንገባ አራት ቀርቶታል። ፍጥነት መቀነሻው ላይ አንድ ጎሚስታ ጎንበስ ብሎ አየንና፣ "ከአዋሽ ሰመራ በአንድ ሙሌት የገባችሁት እናንተ ናችሁ?" አለን።

ወንጌል ሳቅ አፈናት። "እማማ፣ እዚህ እንሙላ። ላብሽን እይው።"

"ልጄ፣ ሰመራ እዚህ ነው። ንጂ።"

ባትሪው ሁለት ሲቀረው ሰመራ ገባን። መኖሪያዋ ደጃፍ ላይ ስትቆም ተቃቀፍን፤ እንደ ሠርገኛ አጨበጨብኩ። ከመኪናው ሳልወርድ ግን ሚሌ ሻይ ቤት አስደወልኩና ሐጂን አገናኙኝ።

"ሐጂ፣ ቅድም ያላየሁትን ነገርኩዎት። አሁን ያየሁትን ልንገርዎት። ገብተናል፤ ግን ከሚሌ ወዲህ ኤሲ ዘግተን፣ በስልሳ እየነዳን ነው። የተረፈን ሁለት ነው። እንዲህ ብለው ያስተካክሉልኝ።"

"ስንቅነሽ፣ የመጀመሪያውማ ጅቡቲ ድንበር ገላፊ ደርሷል።"

"ይኼኛውም ይድረስ።"

"ይደርሳል፣ ኢንሻአላህ። ግን ከአዋሽ ወዲህ ቁልቁል ነው። ቁልቁል ግመሌም ሳትበላ ትወርዳለች። ዳገቱን አየሽ?"

"አላየሁም።"

"በይ ስትመለሱ እዚህ ሚሌ የልጄ ብየዳ ቤት ግቡ። ኃይለኛ መብራት አለው፤ እስኪሞላ ምሳ በሉ።"

ወንጌል ሁሉንም ሰምታለች። "ለካሕሳይ ምን ልበለው?"

"እሁድ አዋሽ በራችን ላይ መኪናውን እመርቀዋለሁ በይው።"

"ዳገቱን ከወጣ ነዋ።"

"አዎ፣ ከወጣ በይው" አልኳትና፣ መሙያ ገመዱን ራሴ ልሰካው ወረድኩ።